ቀዝቃዛ አየር ሁሉ ንጹሕ አየር አይደለም

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? የዕረፍት ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹንም አመሰግናለሁ። «ስለ ቤት ውስጥ አየር አውራልን» ሲሉኝ በደስታ ነው የተቀበልኩት። ስለምንበላውና ስለምንጠጣው ብዙ ይወራል። ስለምንተነፍሰው ግን ማን ያወራል?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በቀን ስንት ሊትር ውኃ ትጠጣላችሁ? ሁለት? ሦስት? አየርስ? አንድ አዋቂ ሰው በቀን ወደ 11,000 ሊትር አየር ይተነፍሳል። ውኃው ቢደፈርስ እንደፋዋለን። አየሩ ቢበላሽ ግን ዝም ብለን እንስበዋለን። ያውም አብዛኛውን የምንስበው ከጣራ ሥር ነው። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ሰዎች 90 በመቶ የሚሆን ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት በቤትና በሕንፃ ውስጥ መሆኑን ያሳያሉ።

እኔ ሥራዬ የሕንፃ አየር ነው። ቱቦ እዘረጋለሁ፣ ፋን እገጥማለሁ። «ቤታችን ይታፈናል» የሚሉ ሰዎች ሲጠሩኝ ሄጄ አያለሁ። ሐኪም በሽተኛውን ያያል፤ በሽተኛው የሚተኛበትን ክፍል ግን የማየት ዕድል የለውም። እኔ የማየው ክፍሉን ነው።

ዛሬ ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ በታፈነ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚጠራቀም። ሁለተኛ፣ አየር እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ። ሦስተኛ፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ምን እንደምትፈትሹ። ሁለተኛው ላይ ጠበቅ አድርጌ እቆያለሁ፤ ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያፈሰው እዚያ ላይ ነውና።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ልግባ።

ሁለት ሰው የሚተኛበት አንድ መኝታ ቤት እንውሰድ። 3 ሜትር በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.7 ሜትር። ይህ ክፍል ወደ 32,000 ሊትር አየር ይይዛል። ብዙ ይመስላል፣ አይደል? አንድ የተኛ ሰው በሰዓት ወደ 12 ሊትር የሚሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 25 ሊትር ገደማ ይሆናል። የውጭው አየር በሚሊዮን ውስጥ ወደ 420 የሚሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው፤ በሙያው ቋንቋ 420 ፒፒኤም እንላለን። በርና መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ፣ በየሰዓቱ ከ700 በላይ ይጨመርበታል። ደግነቱ የበር ሥር ክፍተት አለ፣ የመስኮት ስንጥቅ አለ። ያም ሆኖ ጠዋት ላይ የጋዝ መለኪያ መሣሪያዬ 2,000 እና 3,000 ሲያሳይ ማየት ለእኔ የዘወትር ነገር ነው።

ታዲያ 2,000 ፒፒኤም ምን ያደርጋል? እ.ኤ.አ. በ1858 ማክስ ፎን ፔተንኮፈር የተባለ የሙኒክ ሳይንቲስት ለመኖሪያ ክፍሎች 1,000 ፒፒኤምን እንደ ወሰን አስቀመጠ። እሱ ጋዙ በዚህ መጠን መርዝ ነው አላለም። ምልክት ነው ነው ያለው። ከሰው ትንፋሽ የሚወጣው ይህ ጋዝ ከተጠራቀመ፣ ከሰው የሚወጣው ሌላውም ሁሉ ተጠራቅሟል። ሽታው፣ እርጥበቱ፣ በሳልና በንግግር የሚወጣው ደቃቅ ጠብታ፣ ሁሉም አብሮ አለ። ይህ አስተሳሰብ እስከ ዛሬ ድረስ እያገለገለ ነው።

ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝታችሁ ራሳችሁ ከብዷችሁ፣ አፋችሁ ደርቆ፣ ሳትተኙ ያደራችሁ መስሏችሁ የተነሳችሁበት ጠዋት የለም? ዴንማርክ ውስጥ በተማሪዎች ማደሪያ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። በተማሪዎቹ ክፍል ንጹሕ አየር ሲገባ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ2,400 ገደማ ወደ 800 ገደማ ወረደ። እንቅልፋቸው ተሻሻለ። በማግስቱም ንቁ ሆነው ዋሉ፣ የአእምሮ ፈተናውንም የተሻለ ሠሩ። አልጋው ያው ነው፣ ልጆቹም ያው ናቸው። የተለወጠው አየሩ ነው።

ሁለተኛው የሚጠራቀም ነገር ተላላፊ በሽታ ነው። የሳንባ ነቀርሳ፣ ኩፍኝ፣ ኮቪድ፣ እነዚህ ሁሉ በአየር ይተላለፋሉ። አየሩ ካልተቀየረ በክፍሉ ውስጥ ተንሳፍፈው ይቆያሉ። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ተሠርቶ ነበር። በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት በአማካይ 28 ጊዜ ይቀየር ነበር። በማሽን አየር የሚሰጣቸው ክፍሎች ደግሞ 12 ጊዜ ነበር የታሰበላቸው። ከሁሉም የበለጡት ጣራቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ትልልቅ የሆኑት የድሮ ሕንፃዎች ናቸው። የድሮ ግንበኞች የሚያውቁት ነገር ነበራቸው ማለት ነው።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

አንድ ቤተሰብ ጠሩኝ። ትንሹ ልጃቸው ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። ሐኪም ቤት ተመላልሰዋል። ሽሮፑ ሲያልቅ ሳሉ ተመልሶ ይመጣል። እናትየው ንጽሕና ወዳድ ናት፤ ወለሉ ያብለጨልጫል። «ወንድሜ፣ እዚህ ቤት አቧራ የሚባል ነገር አታገኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የልጁ ክፍል ገባሁ። የመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል፤ ልጁን ብርድ እንዳይመታው ብለው ነው። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ተወጥሮ እርጥብ ልብስ ተሰጥቶበታል። ቁምሳጥኑ ከውጭኛው ግድግዳ ጋር ተለጥፏል። ከአባትየው ጋር ተጋግዘን ቁምሳጥኑን ወደ ፊት ሳብነው። ከኋላው ግድግዳው ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ጠቁሯል። ሻጋታ ነው። በጓንት ነካ አደረግሁት፤ ረጥቧል፣ ያሟልጫል። የልጁ ትራስ ከዚያ ቁምሳጥን አንድ ክንድ ቢርቅ ነው።

እንግዲህ ይህ እንዴት ሆነ? አራት ሰው ያለበት ቤት በመተንፈስ፣ በማብሰል፣ በመታጠብና ልብስ በማድረቅ በቀን ወደ 10 ሊትር ውኃ ወደ አየር ይለቃል። አሥር ሊትር! ያ ውኃ መውጫ ካጣ ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ ያርፋል። ቀዝቃዛው ቦታ ደግሞ የውጭው ግድግዳ ነው፣ ያውም አየር የማይደርስበት የቁምሳጥኑ ጀርባ። ሻጋታ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ እርጥበትና ሻጋታ ያወጣው መመሪያ፣ እርጥበት ያለበት ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ለአስም፣ ለሳልና ለመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን የበለጠ እንደሚጋለጡ በግልጽ አስቀምጦታል። ፍራሽ ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮችም የሚባዙት እርጥበት ሲበዛ ነው። ስለዚህ የቤቱ አንጻራዊ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ጥሩ፤ ከ60 እንዲያልፍ አትፍቀዱለት። መለኪያዋ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች።

ያቺ እናት ልጇን ስለምትወድ ነው መስኮቱን ያሸገችው። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ ቤቱን የሚያፍነው ቸልተኛ ሰው ብቻ አይደለም። የሚሳሳለት ልጅ ያለውም ሰው ያፍነዋል።

አራተኛው ጭስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ በቤት ውስጥ በሚነድ እንጨት፣ ከሰል፣ ኬሮሲንና በመሳሰለው ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ለምን ሕፃናት? ከእናታቸው ጎን፣ ከምድጃው አጠገብ ስለሚውሉ ነው። ሳንባቸውም ገና እያደገ ነው። የጋዝ ምድጃም ቢሆን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባል የመተንፈሻ ቧንቧን የሚያስቆጣ ጋዝ ይለቃል። ስለዚህ ጭሱ ባይታይም ስታበስሉ አየሩ ይውጣ።

አሁን የምለውን እባካችሁ በደንብ ስሙኝ። ከሰል አያይዛችሁ ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ አትተኙ። ጄኔሬተር ቤት ውስጥ፣ በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ሥር አታስነሱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስዳል። የተኛ ሰው ደግሞ አይነቃም። «ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭሱ ወጥቶለታል» የሚሉ አሉ። ፍሙም ይገድላል! «መስኮቱን ገርበብ አድርጌዋለሁ» የሚሉም አሉ። ገርበብ ያለ መስኮት ዋስትና አይሆንም። በዚህ ላይ ምንም ዓይነት መካከለኛ መንገድ የለም። ጋዝ የምትጠቀሙ ሰዎች የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይኑራችሁ። ድንገት ጮኸ? ሁሉንም ይዛችሁ ወደ ውጭ ውጡ፤ ምክንያቱን ከውጭ ሆናችሁ ጠይቁ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ከተጣበቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የሚሠሩ ርካሽ የቤት ዕቃዎች ፎርማልዲሃይድ ይለቃሉ፤ ይህ ኬሚካል እ.ኤ.አ. በ2004 ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል። አዲስ ዕቃ ስታስገቡ፣ ቀለም ስታስቀቡ፣ ለሳምንታት ቤቱን በደንብ አናፍሱት። ከምድር የሚወጣ ራዶን የሚባል ጋዝም አለ፤ ከሲጋራ ቀጥሎ የሳንባ ካንሰር ዋነኛ መንስኤ ነው። ምድር ቤት የምትኖሩ፣ አካባቢያችሁ ራዶን ያለበት ከሆነ አስለኩ።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ደርሰናል። አየር እንዴት ይገባል፣ እንዴት ይወጣል?

አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። የስብሰባ ክፍላቸው ያምራል። ኤሲው ይሠራል፣ ክፍሉ ቀዝቀዝ ብሏል፣ የአበባ ሽታ ይሸታል። «ከምሳ በኋላ ስብሰባ ላይ ሁሉም ያንቀላፋል፤ ምሳው ነው መሰለኝ» አሉኝ ኃላፊው። መሣሪያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ስብሰባው ሲጋመስ ከ2,500 በላይ አሳየ። ኃላፊው ግራ ገባቸው። «ኤሲ አለን እኮ!» አሉ።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ብዙዎቻችሁ ቤት ያለው ዓይነት ኤሲ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ ከውጭ አየር አያስገባም። የክፍሉን አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ፣ ያንኑ አየር ይመልሳል። ከውጭው ማሽን ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን ቧንቧዎች የሚያመላልሱት ማቀዝቀዣውን ፈሳሽና ጋዝ ነው እንጂ አየር አይደለም። የጣራ ቬንቲሌተርስ? ያለውን አየር ያሽከረክራል። ላባችሁ ቶሎ ስለሚደርቅ ይቀላችኋል፣ አየሩ ግን አልተቀየረም። አየር ማጣፈጫውስ? እሱማ ጭራሽ ሌላ ኬሚካል ይጨምራል። ማጣሪያ ማሽን ደግሞ አቧራና ጭስ ይይዛል፤ ጥሩ ነው፣ እኔም እመክራለሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ግን አይነካም፣ እርጥበቱንም አይቀንስም።

ይቀዘቅዛል፤ ግን አልተቀየረም። ይነፍሳል፤ ግን አልተቀየረም። ይሸታል፤ ግን አልተቀየረም። አየር የሚቀየረው አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ሲገባ ብቻ ነው።

ለዚህ ደግሞ መግቢያም መውጫም ያስፈልጋል። ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ አፋችሁን ገጥማችሁ ብትነፉ አየር ይገባል? አይገባም፤ መውጫ የለውማ። አንድ መስኮት ብቻ የተከፈተበት ክፍልም አየሩ የሚቀየረው በዝግታ ነው። ፊት ለፊቱ ያለውን በር ወይም መስኮት ስትከፍቱ ግን ነፋሱ ክፍሉን ሰንጥቆ ያልፋል። ለአምስት፣ ለአሥር ደቂቃ እንዲህ ከፍቶ መዝጋት፣ አንዱን መስኮት ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ ከመዋል ይበልጣል። በዚያች አጭር ጊዜ ግድግዳውና ዕቃው ሙቀታቸውን አይለቁም። ስለዚህ ብርድ የምትፈሩ ሰዎች፣ መስኮቱ ሲዘጋ ቤቱ ቶሎ ይሞቃል። ነፋስ በሌለበት ቀንስ? ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከታች አንድ ክፍተት፣ ከላይ አንድ ክፍተት ካለ ራሱ መንገዱን ያገኛል።

ወበቅ በሚበዛበት ወቅት ይህንኑ በሌሊት አድርጉት። ቀን ፀሐዩ ሲከር መስኮትና መጋረጃ ይዘጋ፤ ማታ ውጭው ሲቀዘቅዝ ይከፈት። ግድግዳው ሌሊቱን የያዘው ቅዝቃዜ እስከ ቀትር ድረስ ይጠቅማችኋል።

አሁን ወደዚያ የሚያስለው ልጅ ቤት ልመለስ። የቤቱ ሻወር አየር ማስወጫ ፋን ነበረው። አባትየው «ይኸው ይሠራል፣ ድምፁን ስማው» አለኝ። አንድ ቅጠል የሽንት ቤት ወረቀት ወስጄ አፉ ላይ አስጠጋሁት። ፋኑ እያጓራ ወረቀቱ መሬት ወደቀ። ኮርኒሱን ከፍቼ በባትሪ አየሁ። ከፋኑ የሚነሳው ቱቦ ውጭ አልደረሰም። ኮርኒሱ ውስጥ ተጠማዞ፣ ተጣጥፎ ቀርቷል። ጫፉ አካባቢ ያለው እንጨት ነጭ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። ለካ ፋኑ ለዓመታት የሻወሩን እንፋሎት ራሳቸው ኮርኒስ ውስጥ ሲያስቀምጠው ኖሯል። ቱቦውን አሳጥረን፣ አቃንተን በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ አወጣነው። ልብሱ ከክፍሉ ወጣ፣ ቁምሳጥኑ ከግድግዳው ራቀ፣ ግድግዳው ተጠርጎ ደረቀ። ፕላስተሩን እናትየው ራሷ ላጠችው። ከጥቂት ወራት በኋላ ስደውል፣ ልጁ ሌሊቱን ሳይነቃ እንደሚያድር ነገረችኝ።

ፋን ስትገዙ ጥያቄው «ድምፁ እንዴት ነው» ብቻ አይሁን። በሰከንድ ስንት ሊትር ይስባል? ለሻወር ቤት 25፣ ለምድጃ 50 ሊትር በሰከንድ የተለመደ ዝቅተኛ ልክ ነው። የምድጃ ጭስ መሳቢያ ከሆነ ደግሞ ጭሱን የት ነው የሚወስደው ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ውጭ አያወጣም፤ ቅባቱን አጣርቶ ጋዙንና እንፋሎቱን መልሶ ፊታችሁ ላይ ይለቀዋል። የሚስብ ፋን ካለ የሚተካ አየር መግባት አለበት። የሻወር በር ሥር ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ተዉ። ቤቱ ግጥም ያለ ሆኖ ኃይለኛ ጭስ መሳቢያ ከተገጠመ ደግሞ አደገኛ ነገር ይመጣል። መሳቢያው የጋዝ ውኃ ማሞቂያው ወደ ውጭ የሚለቀውን ጋዝ ወደ ቤት መልሶ ሊስበው ይችላል። ይህን ባለሙያ ያይላችሁ።

አቅም ላላችሁና አዲስ ቤት ለምትሠሩ፣ የወጪውን አየር ሙቀት ለገቢው አየር የሚያስተላልፍ መሣሪያ አለ። ሁለቱ አየሮች ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ሙቀት ይተርፋል። በብርድ አገርም በሙቀት አገርም ይሠራል። እኔ ይህን ሥርዓት እወደዋለሁ። ግን ማጣሪያውን ለዓመታት ሳይቀይሩ የሚኖሩ ሰዎች ቤት ገብቼ አውቃለሁ። ማጣሪያው ከመዘጋቱ የተነሳ እንደ ብርድ ልብስ ወፍሯል። የማትንከባከቡት ከሆነ ደህና መስኮት ይሻላችኋል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ዛሬ ማታ። ወረቀቷን ፋኑ ላይ አስጠጉ፤ ካልተለጠፈች አስፈትሹ። ቁምሳጥናችሁን ከውጭ ግድግዳ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት አርቁ፣ ከኋላውም እዩ። ስትተኙ የመኝታ ቤቱን በር ክፈቱ፤ መስኮትም መክፈት ከቻላችሁ ትንሽ ክፈቱ። ጠዋት ስትነሡ አልጋውን ወዲያው አታንጥፉ፣ ይናፈስ። የኤሲውን ማጣሪያ አውጡና እዩት። ውኃ የፈሰሰበት ምንጣፍ ካለ በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይድረቅ፤ ከዚያ ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል።

ወደዚህ ስገባ አንዲት እህቴ በር ላይ ይዛ «የእኛ መስኮት ዋና መንገድ ላይ ነው፤ ብከፍተው ጭስ ነው የሚገባው፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለደቃቅ ብናኝ ያስቀመጠው የዓመት ወሰን በሜትር ኪዩብ 5 ማይክሮግራም ነው፤ ብዙ ከተሞች ከዚህ በእጅጉ ይበልጣሉ። እህቴ፣ መልሴ ይኸው ነው። የመንገዱን ወገን መኪና በሚበዛበት ሰዓት ዝጊ። ከጀርባ በኩል ያለውን ክፈቺ። መንገዱ ጸጥ ሲል፣ ሌሊት ወይም በማለዳ፣ ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ ለአሥር ደቂቃ ክፈቺ። መኝታ ቤትሽ ውስጥ ሄፓ የሚባለው በጣም ደቃቅ ማጣሪያ ያለው ማሽን ብታስቀምጪ ብናኙን ይይዝልሻል፤ መስኮቱ ግን ጨርሶ ተዘግቶ አይቅር። የጀርባ መስኮት ከሌለሽ፣ ወደ ደረጃው የሚወጣው በር ላይ የአየር ክፍተት ማበጀት ይቻል እንደሆነ ከስብሰባው በኋላ አብረን የቤትሽን ንድፍ እናያለን። ሌሎቻችሁም የቤታችሁን ንድፍ ወረቀት ላይ ሥላችሁ ኑ። የመስኮትና የበር ቦታ ካለበት ይበቃኛል።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።